ጌሙ ተሸጠ፣ ካርታው ቀረ

አንድ ሰው አደባባይ ላይ ካለ ሐውልት ፊት ቆሟል። ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ካሜራው በርቷል። ቀስ እያለ ሐውልቱን ይዞራል። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ከቀረጸ በኋላ ቪዲዮውን ይልካል። በምላሹ ጌሙ ውስጥ የሚጠቅሙት ጥቂት ዕቃዎች ይሰጡታል። ደስ ብሎት መንገዱን ይቀጥላል።

ሰውየው ፖኪሞን ጎ የሚባል የስልክ ጌም እየተጫወተ ነው፤ በእውነተኛ መንገድ እየዞሩ ፖኪሞን የሚባሉ ምናባዊ ፍጡሮችን የሚይዙበት ጌም ነው። እግረ መንገዱን ደግሞ ካርታ እየሠራ ነው።

ጌሙን የሠራው ናያንቲክ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ነው። መጋቢት 2025 ላይ ኩባንያው የጌም ሥራውን በ3.5 ቢሊዮን ዶላር መሸጡን አስታወቀ። (ዓመቶቹንም ወራቱንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዜናው በየቦታው «ፖኪሞን ጎ ተሸጠ» ተብሎ ወጣ። እውነት ነው፣ ተሸጧል። ያልተሸጠው ነገር ግን ብዙም አልተወራለትም። የኩባንያው መሥራች ጆን ሃንኪ ጌሙን ለገዢው አስረክቦ ካርታውን ይዞ ወጣ። የናያንቲክን ታሪክ ብዙ ሰው የጌም ታሪክ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ እንደሚገባኝ ከጥንስሱ ጀምሮ የካርታ ታሪክ ነው። ለዚህ ነው ወደ ኋላ ተመልሰን ማየት ያለብን።

ሃንኪ ያደገው ቴክሳስ ውስጥ ክሮስ ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በወጣትነቱ ለአሜሪካ መንግሥት ተቀጥሮ በርማ ውስጥ ሠርቷል። ከዚያ ካሊፎርኒያ ሄዶ የቢዝነስ ትምህርት ተማረ። በ1996 ሜሪዲያን 59 የሚባል የኢንተርኔት ጌም ካወጡት ሰዎች አንዱ ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ በሦስት አውታር ዓለም ውስጥ ከሚጫወትባቸው ጌሞች ከቀደምቶቹ የሚቆጠር ነው።

ዋናው ምዕራፍ ግን የሚጀምረው በ2001 ነው። በዚያ ዓመት ኪሆል የሚባል ኩባንያ ተመሠረተ፤ ሃንኪ መሪው ሆነ። ኪሆል ከሳተላይትና ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎችን ገጣጥሞ ምድርን በኮምፒውተር ላይ እንደ ኳስ እያሽከረከሩ ማየት የሚያስችል ሶፍትዌር ሠራ። ስሙ ራሱ ከአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች ስም የመጣ ነው። በ2003 ለአሜሪካ የስለላ ተቋማት የሚጠቅም ቴክኖሎጂ እየፈለገ ገንዘብ የሚያፈስሰው ኢን-ኪው-ቴል ኢንቨስት አደረገበት። በዚያው ዓመት የኢራቅ ጦርነት ሲጀመር ሲኤንኤን የባግዳድን ካርታ ለተመልካች ያሳየው በኪሆል ነበር። በዓመቱ ጉግል ገዛው። በ2005 የዓለም ሕዝብ ጉግል ኧርዝ ብሎ ያወቀው ይኸው ሶፍትዌር ነው። ስንቶቻችን ነን የተወለድንበትን ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማይ ያየነው በእሱ!

ሃንኪ ጉግል ውስጥ የካርታ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ማፕስ፣ ኧርዝ፣ መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ፎቶ የሚያነሱት የስትሪት ቪው መኪኖች፣ ሁሉም በእሱ ሥር ነበሩ። በ2010 እነዚያ መኪኖች ፎቶ ብቻ ሳይሆን በየሰዉ ቤት ካለ ክፍት ዋይፋይ መረጃ ሲሰበስቡ እንደነበር ጉግል አመነ። ብዙ ቁጣ አስነሳ። በ2013 ጉግል ከ38 የአሜሪካ ግዛቶች ጋር በ7 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ይህን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። የሰውን መረጃ መሰብሰብና ፈቃድ መጠየቅ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ታሪክ ጋር ገና ከጥዋቱ አብሮ ያለ ነው።

ሃንኪ በ2010 ጉግልን ለቅቆ የራሱን ነገር ሊጀምር አሰበ። ጉግል እንዲቀርለት ስለፈለገ እዚያው ውስጥ ትንሽ ቡድን እንዲያቋቁም ፈቀደለት። ናያንቲክ የተወለደው እንዲህ ነው።

ስሙ ደስ ይለኛል። ናያንቲክ የመርከብ ስም ነው። በ1849 በካሊፎርኒያ የወርቅ ግርግር ጊዜ ወርቅ ፈላጊዎችን ጭና ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰች። ሠራተኞቹም ለወርቁ ብለው ጥለዋት ሄዱ። መርከቧን ወደ ዳር ጎትተው መጋዘን አደረጓት። በ1851 በተነሳው ትልቅ ቃጠሎ ተቃጠለች፤ በላይዋ ሆቴል ተሠራ። ከተማው ባሕሩን በአፈር እየሞላ ሲሰፋ መርከቧ ከመሬት በታች ቀረች። በ1978 ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ቅሪቷ ተገኘ። ዛሬ በዚያ የሚያልፈው ሰው ከእግሩ ሥር መርከብ እንደነበረ አያውቅም። ሃንኪ ያሰበው ይህን ነው። በየቀኑ የምንረግጠው መንገድ ታሪክ አለው፤ ስልካችን ለምን አይነግረንም?

በ2012 የወጣው የመጀመሪያ ሥራቸው ፊልድ ትሪፕ ነበር። ስልክ ኪስ ውስጥ እያለ አንድ ታሪካዊ ቦታ አጠገብ ስታልፉ ስለ ቦታው ይነግራችኋል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ግን ብዙ ሰው አልያዘም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለተኛው መጣ፦ ኢንግረስ። በኢንግረስ ተጫዋቾች በሁለት ቡድን ይከፈላሉ፤ አረንጓዴና ሰማያዊ። ሐውልት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል፣ ፓርክ ውስጥ ያለ ፏፏቴ፣ እነዚህ ሁሉ ጌሙ ውስጥ «ፖርታል» ናቸው። ፖርታሉን ለመያዝ ቦታው ድረስ በእግር መሄድ ግድ ነው። ቤት ተቀምጦ መጫወት የለም።

ፖርታሎቹ ከየት መጡ? ጥቂቱ ከታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ነው የመጣው። የቀረውን ያመጡት ተጫዋቾቹ ናቸው። ሰፈራቸው ውስጥ ያለውን ነገር ፎቶ አንስተው፣ ስም ጽፈው፣ ቦታውን ጠቁመው ላኩ። ሃንኪ በ2016 እንደተናገረው ወደ 15 ሚሊዮን ጥቆማ መጥቶ 5 ሚሊዮን ያህሉ ተቀባይነት አግኝቷል። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። አዲስ አበባ ላይ ቤታችንን ለሰው ስንጠቁም «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከሱቁ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ነው የምንለው። ከተማን የሚያውቀው የሚኖርበት ሰው ነው። ናያንቲክ ያንን እውቀት ከዓለም ዙሪያ በጌም ሰበሰበው። ደመወዝ ሳይከፍል።

በ2015 ጉግል ራሱን አልፋቤት በሚል እናት ኩባንያ ሥር ሲያደራጅ ናያንቲክ ወጥቶ ራሱን ቻለ። ጉግል፣ የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶና የፖኪሞን ኩባንያ ገንዘብ አስገቡ። የጋብቻው መነሻ አንድ ጨዋታ ነበር። በ2014 የኤፕሪል ዘ ፉል ዕለት የጉግል ካርታ ቡድን በዓለም ካርታ ላይ ፖኪሞኖችን በትኖ «ፈልጋችሁ ያዙ» አለ። ሰው ተሻማበት። ሃንኪ ይህን ከኢንግረስ ጋር ማዳቀል ይቻላል ብሎ ወደ ጃፓን ሄደ። የፖኪሞን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሱኔካዙ ኢሺሃራ ቀድሞውኑ የኢንግረስ ተጫዋች ሆኖ ጠበቀው። ባለቤቱማ ከእሱም ትብስ ነበር።

ፖኪሞን ጎ ሐምሌ 6 ቀን 2016 በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በጊዜው የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ብርቅ ፖኪሞን ታየ ተብሎ ሌሊት ሰው እንደ ጎርፍ ሮጠ። የጉግል መሐንዲሶች ራሳቸው በኋላ እንደጻፉት፣ ሰርቨሮቹ ላይ የመጣው ጫና ከታቀደው 50 እጥፍ ነበር። የኒንቴንዶ አክሲዮን በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ኩባንያው «ከጌሙ የሚደርሰኝ ትርፍ ያን ያህል አይደለም» ሲል ደግሞ በአንድ ቀን 18 በመቶ ወደቀ። ኢየሩሳሌም ውስጥ የእስራኤል ፕሬዚዳንት ሬውቨን ሪቭሊን ቢሯቸው ውስጥ ፖኪሞን እንደተገኘ በፎቶ አሳዩ። ኢራን ጌሙን ከለከለች።

ቴክኖሎጂው ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይባላል። በካሜራ በሚታየው እውነተኛ ቦታ ላይ የሌለን ነገር መደረብ ነው። ወለላችሁ ላይ አንድ ቢጫ ፍጡር ቆሞ ታያላችሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ተጫዋች ካሜራውን ያጠፋዋል፤ ባትሪ ይጨርሳል፣ መያዝም ያስቸግራል። ጌሙን ያነገሠው ካሜራው ሳይሆን እግር ነው። ከሶፋ ተነስቶ መውጣት፣ ፓርክ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራት፣ አባትና ልጅ አብረው መሄድ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

የተራመዱበት ካርታ ግን የኢንግረስ ተጫዋቾች የሠሩት ነበር። ፖርታሎቹ ስማቸው ተቀይሮ ፖኪስቶፕ (ዕቃ የሚገኝበት ቦታ) እና ጂም (ፖኪሞኖች የሚፋለሙበት ቦታ) ሆኑ። የካርታው ጉድለትም አብሮ መጣ። ኢንግረስን የተጫወቱት በአብዛኛው ቴክኖሎጂ የሚወዱ፣ ጊዜና ጥሩ ስልክ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። የጠቆሙት የራሳቸውን ሰፈር ነው። ሐበሻ በብዛት በሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ ኧርባን ኢንስቲትዩት የሚባል የጥናት ተቋም ባደረገው ቆጠራ፣ ነጮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች በአማካይ 55 ፖርታል ሲኖር ጥቁሮች በሚበዙባቸው 19 ብቻ ነበር። ጥቁሮች ሰፈር ሐውልትና ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ አይደለም። የጠቆመ ሰው ስላልነበረ ነው።

ካርታው የማያውቀው ሌላም ነገር ነበር፤ ነውር። ናዚዎች የጨፈጨፏቸው ሰዎች የሚታሰቡባቸው የዋሽንግተኑ የሆሎኮስት ሙዚየምና የአውሽቪትስ መታሰቢያ፣ ጎብኚዎች በዚያ ቦታ ፖኪሞን እንዳያሳድዱ መለመን ነበረባቸው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ጠዋት ቤቱ ጂም ሆኖ አገኘው። ካርታው ላይ አሁንም ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ የማያውቃቸው ሰዎች ስልካቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆሙ። በአሜሪካ የቤት ባለቤቶች ከሰሱ፤ በ2019 ናያንቲክ ከእነሱ ጋር በስምምነት ጨረሰ።

በሐምሌ 2017 ቺካጎ ግራንት ፓርክ ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ ድግስ ተደገሰ። ወደ 20 ሺህ ሰው ትኬት ገዝቶ መጣ። ከሌላ ግዛት በአውሮፕላን የመጣም ነበር። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ስልኩን ይዞ ቆመ፤ ጌሙ አይከፈትም። ሃንኪ መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ጮኸበት። ኩባንያው የትኬቱን 20 ዶላር መለሰ፤ ጌሙ ውስጥ የሚሠራ የ100 ዶላር ሳንቲም ጨመረ። በኋላም በፍርድ ቤት በ1.575 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የሚገርመው፣ ሰዉ አልቀረም። በየዓመቱ በየከተማው ድግሱ ቀጠለ።

ናያንቲክ በዚህ ስኬት ላይ ሌላ ሊጨምር ያልሞከረው የለም። የሃሪ ፖተር ጌም በ2019 አወጣ፤ በጥር 2022 ዘጋው። ካታንን ሞከረ፤ ዘጋው። ትራንስፎርመርስ ሳይወጣ ቀረ። በ2023 የኤንቢኤ ጌሙን ዘግቶ የማርቭልን አቋረጠ፤ 230 ሠራተኛም አሰናበተ። በ2021 የወጣው ፒክሚን ብሉምና በ2023 የወጣው ሞንስተር ሃንተር ናው ተርፈዋል። እኔ ምክንያቱን እንዲህ ነው የማየው። ሰው ለእግር ጉዞው አንድ ጌም ይበቃዋል። ፖኪሞን ደግሞ ሃያ ዓመት በልጅነት ልብ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነው። የእሱን ናፍቆት በሌላ መተካት አይቻልም። ያም ሆኖ ፖኪሞን የናያንቲክ ንብረት አይደለም፤ ስሙም ፍጡሮቹም የጃፓኖቹ ናቸው። ናያንቲክ የእኔ ነው ብሎ የሚምልበት ካርታው ብቻ ነበር።

በኮቪድ ጊዜ የተጫዋቾቹና የኩባንያው ፍላጎት መለያየቱ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ሰው ቤት ሲዘጋበት ናያንቲክ ሕጉን አላላ። ፖኪስቶፕ ለመንካት መቅረብ የሚያስፈልገው 40 ሜትር ነበር፤ ወደ 80 አሳደገው። ካለህበት ሆነህ ሩቅ ያለ ፍልሚያ ውስጥ መግባትም ተቻለ። በዊልቸር ለሚሄዱ፣ መንገድ መሻገር ለሚከብዳቸው ሰዎች ይህ በር ከፋች ነበር። በነሐሴ 2021 ኩባንያው ርቀቱን በአሜሪካና በኒው ዚላንድ ወደ 40 መለሰው። ተጫዋቾች «ናያንቲክ ስማን» ብለው ተነሱ፤ ኩባንያው በዚያው ወር 80ውን መለሰ። በ2023 ደግሞ ከሩቅ የመጫወቻውን ዋጋ ወደ እጥፍ ገደማ አሳድጎ በቀን በአምስት ገደበው። በዚያኛው ግን አልሰማም። ውጡና ተንቀሳቀሱ የሚለው እምነታቸው የምር ነው፤ ሃንኪ በ2021 ሜታቨርስ የሚባለውን፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚገባበትን የኮምፒውተር ዓለም፣ ቅዠት ነው ብሎ ጽፏል። ነገር ግን ከቤት የማይወጣ ተጫዋች ካርታ እንደማይሠራም መርሳት የለብንም።

አሁን ወደ ሐውልቱ እንመለስ። ከ2020 ጀምሮ ናያንቲክ ተጫዋቾች ቦታዎችን በቪዲዮ እንዲቀርጹ መጠየቅ ጀመረ። ጂፒኤስ ያለንበትን በሜትሮች ስሕተት ነው የሚነግረን። ፎቅ በፎቅ የሆነ መንገድ ላይ ደግሞ ይባስ ይሳሳታል። ካሜራ ግን ከፊቱ ያለውን ግድግዳ አስቀድሞ ከተቀረጸ ምስል ጋር አመሳክሮ የቆማችሁበትን በሴንቲሜትር ሊያውቅ ይችላል። በየትኛው አቅጣጫ እንደምታዩም ጭምር። ይህ ለመነጽር፣ ለሮቦት፣ ሰው አልባ ለሆነ ነገር ሁሉ እንደ ዓይን ነው።

በኅዳር 2024 ኩባንያው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ትልቅ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴል እየሠራ መሆኑን ገለጸ። 10 ሚሊዮን የተቀረጹ ቦታዎች እንዳሉትና በየሳምንቱ ወደ 1 ሚሊዮን አዲስ ቅጂ እንደሚደርሰው ተናገረ። የሰጠው ምሳሌ ግልጽ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ብቻ ተቀርጿል እንበል። እናንተ ከጀርባው ቆማችኋል። አሮጌው አሠራር ግራ ይጋባል። አዲሱ ሞዴል ግን በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ ክርስቲያናትን ስላየ ጀርባው ምን እንደሚመስል ይገምታል። እኛ ሰዎች እንደምናደርገው ማለት ነው።

ይህ ሲሰማ ተጫዋቾች ደነገጡ። ናያንቲክ ሲመልስ መቅረጽ በፈቃድ ብቻ እንደሆነና ጌሙን ይዞ መራመድ ብቻውን ሞዴሉን እንደማያሠለጥን ተናገረ። መልሱ እውነት ነው። ለእኔ ግን አይበቃም። በ2021 ሐውልት ዞሮ የቀረጸ ሰው ለጌሙ ውለታ የዋለ መስሎት ነው። ለሮቦት ዓይን እየሠራ እንደሆነ በዚያ ሰዓት በግልጽ ማን ነገረው? ፈቃድ የሚባለው የሚሆነውን አውቆ ሲሰጥ ነው።

በ2021 ኩባንያው ላይ ኢንቨስተሮች 9 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ሰጥተው ነበር። በ2025 ጌሞቹ በ3.5 ቢሊዮን ለስኮፕሊ ተሸጡ፤ ሽያጩ በግንቦት መጨረሻ ተጠናቀቀ። ስኮፕሊ የአሜሪካ ኩባንያ ቢሆንም ባለቤቱ ሳቪ ጌምስ ነው። ሳቪ በ2023 በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ሳቪ ደግሞ የሳዑዲ አረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ንብረት ነው። በ2001 የሳዑዲ የሃይማኖት አባቶች ፖኪሞንን ሐራም ብለው ነበር። ዛሬ የሀገሪቱ ገንዘብ የፖኪሞን ጎ ባለቤት ሆኗል። በሽያጩ ጊዜ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው በየወሩ እነዚህን ጌሞች ይጫወት ነበር፤ ተጫዋቹ የት እንዳለም ጌሙ ያውቃል። ተጫዋቾች «መረጃችን የት ይቀመጣል?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ጥያቄው ለሳዑዲ ብቻም አይደለም። ባለቤቱ ካሊፎርኒያ በነበረበት ጊዜም መጠየቅ ነበረበት።

ሃንኪ ናያንቲክ ስፔሻል የሚባል አዲስ ኩባንያ መሠረተ። 250 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ያዘ፤ 50ው ከስኮፕሊ የመጣ ነው። የካርታው ቴክኖሎጂና ሞዴሉ ከእሱ ጋር ሄዱ። ከጌሞቹ ሁለቱን ብቻ አስቀረ፤ ፔሪዶትንና የሁሉ መነሻ የሆነውን ኢንግረስን።

እናም ሐውልቱን የዞረው ሰው ያሳደጋቸው ፍጡሮች ስኮፕሊ ዘንድ ናቸው። የሐውልቱ ምስል የመገበው ካርታ ሃንኪ ዘንድ ነው። ሰውየውን ማንም አልጠየቀውም።

ይህን ጌም የሚጫወቱ፣ ወይም ውጭ አገር የሚጫወቱ ልጆች ያሏችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ብታደርጉ ደስ ይለኛል። የስልኩን ሴቲንግ ክፈቱና ጌሙ ያላችሁበትን ቦታ መቼ እንደሚያይ ተመልከቱ፤ ስትጫወቱ ብቻ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ቦታ ቅረጹ የሚል ጥያቄ ከመጣም እምቢ ማለት ይቻላል፤ ጌሙ አይዘጋባችሁም። ልቀርጽ ካላችሁ ደግሞ ከሐውልቱ ጀርባ የማን ቤት፣ የማን መስኮት እንደሚታይ አስቀድማችሁ እዩ።